አስቸኳይ! የስክሪኔ ግማሽ ጠፍቷል፤ ፕላኔቶቹን በድምፅ ብቻ መለየት ይቻላል?

ናቲ_ብቻውን (ማታ 2:40)

ሰላም ቤተሰብ። ቶሎ ድረሱልኝ። ስክሪኑ ከታች ጠቁሯል፣ ምንም አይታይም። ስካነሩን ከፍቼ ድምፁን እሰማለሁ፣ ግን የቱ የምን እንደሆነ አላውቅም። አንዱ ውሃ ውሃ ይላል። አንዱ ያጓራል። አንዱ ደግሞ ይንጫጫል። ጥሩው የሚንጫጫው ነው? ወደ ቀኝ ልሂድ ወደ ግራ? ላፕቶፑን ነገ ጠዋት ለሠሪ ስለምሰጠው ዛሬ መጨረስ አለብኝ። የምታውቁ ቶሎ በሉ።

ቦሌ_ልጅ (2:43)

የምን ስካነር? ሆስፒታል ነህ እንዴ? እግዜር ይማርህ።

አራዳው_47 (2:44)

ያጓራል፣ ይንጫጫል፣ ውሃ ውሃ ይላል... ሠርግ ቤት ነው ያለው። የሚያጓራው የሙሽራው አጎት ነው።

ቴዲ_ጥገና (2:47)

ወንድሜ፣ በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቲቪ ጋር አገናኘው። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና «ፒ»ን አንድ ላይ ተጫን፣ «ዱፕሊኬት» የሚለውን ምረጥ። አለቀ።

ናቲ_ብቻውን (2:55)

ሙድ አትያዙብኝ። ጌሙን ሳልናገር ቀረሁ፣ ሁሉም የሚያውቀው መስሎኝ ነው። ኤሊት ዴንጀረስ ነው። መርከብ እየነዳህ ከኮከብ ወደ ኮከብ የምትዘልበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ 3 ዓመቷ ነው፣ ሪሞት ወረወረች። የላፕቶፑ ስክሪን ከመሃል ጀምሮ ወደ ታች ጥቁር ሆነ። ከላይ ደህና ነው። እኔ ደግሞ ከፀሐይ 9,000 የብርሃን ዓመት ርቄያለሁ፣ 3 ሳምንት ፈጅቶብኛል። አሁን የገባሁበት ሲስተም፣ ማለትም ኮከቡ ከነፕላኔቶቹ፣ ማንም አልነካውም። 31 አካል አለው። ስካነሩ ፕላኔቶቹን እንደ ራዲዮ ጣቢያ በድግግሞሽ እየፈለግክ የምታገኝበት የመርከቡ መሣሪያ ነው። ሲከፈት ድግግሞሹን የሚያሳየው መስመር ያለው ከታች ነው። ማለትም ጥቁሩ ውስጥ። የት ላይ እንዳለሁ አላይም። ድምፁ ግን ጥርት ብሎ ይመጣል።

ቴዲ፣ ቲቪው የእናቴ ነው። የቱርክ ድራማ ሰዓት ላይ ነን። አልሞክረውም።

ጋሼ_ፊዚክስ (3:02)

በመጀመሪያ ጥያቄው ራሱ መታረም አለበት። በጠፈር ድምፅ የለም። ድምፅ ለመጓዝ አየር ወይም ሌላ ቁስ አካል ይፈልጋል። ጠፈር ደግሞ ባዶ ነው። ስለዚህ ፕላኔት ከሩቅ አይንጫጫም፣ አያጓራምም። ከባቢ አየር ባለበት ጉዳዩ ሌላ ነው። በ2021 ማርስ ላይ ያረፈው ፐርሴቨራንስ የተባለው ተሽከርካሪ ማይክሮፎን ይዞ ነበር። የነፋሱን ድምፅ ቀድቶ ልኮልናል። እዚያ ድምፅ በሰከንድ 240 ሜትር ገደማ ይጓዛል፣ እኛ ጋ 340 ገደማ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው የማርስ አየር ቀዝቃዛ፣ ደግሞም አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በመሆኑ ነው።

በ2022 ናሳ የፐርሲየስ ጋላክሲዎች ክምችት መሃል ያለውን የጥቁር ቀዳዳ ድምፅ ለሕዝብ አሰምቷል። እውነተኛው ድምፅ ሰው ሊሰማው ከሚችለው እጅግ በጣም ዝቅ ያለ ስለሆነ 57 እና 58 ኦክታቭ ከፍ አድርገው ነው ያሰሙን (አንድ ኦክታቭ ማለት ድግግሞሹን እጥፍ ማድረግ ነው)። ወጣቶች ጌም ከመጫወታችሁ በፊት ይህን ብታውቁ ጥሩ ነው።

አራዳው_47 (3:04)

ጋሼ፣ መጀመሪያ «በጠፈር ድምፅ የለም» አሉን። ከዚያ የጥቁር ቀዳዳ ድምፅ አሰሙን። የቱን እንያዝ?

ጋሼ_ፊዚክስ (3:09)

እዚያ በጋላክሲዎቹ መካከል ትኩስ ጋዝ አለ። ጋዝ ካለ ማዕበል ይጓዛል። ጠቅለል አድርጌ ስለጻፍኩ ነው።

ሳሚ_ዘ_ትሬደር (3:11)

ጋሼ፣ በአክብሮት፣ ልጁ ስክሪኑ ተሰብሮበታል።

ናቲ፣ እኔ የማይገባኝ ጥድፊያው ነው። ጌሙን ዝጋውና ተኛ። መርከብህ የትም አትሄድም። በወጣህበት ቦታ ትመለሳለህ፣ ሳምንትም ይሁን ዓመት። ያጠራቀምከውም መረጃ አይጠፋም። የሚጠፋው መርከብህ ከወደመ ነው። ግማሽ ስክሪን እያየህ ስትነዳ ደግሞ መውደምህ አይቀርም። ኮከብ ውስጥ ዘው ብለህ የ3 ሳምንት ልፋትህን ታቃጥላለህ።

ናቲ_ብቻውን (3:14)

ሠሪው «አንድ ሳምንት» ብሎኛል። የኛ አገር አንድ ሳምንት ስንት እንደሆነ ታውቃለህ። በዚህ መሃል ሌላ ሰው መጥቶ «መጀመሪያ ያገኘው» ተብሎ ስሙን ቢያጽፍበትስ?

ሳሚ_ዘ_ትሬደር (3:18)

ብሮ፣ ጌሙ ውስጥ ያሉት ሲስተሞች 400 ቢሊዮን ገደማ ናቸው። ከ2014 ጀምሮ ተጫዋች ሁሉ ተደምሮ የረገጠው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። አንተ ጋ ዛሬ ማታ ማን ይመጣል?

ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ። ዛሬ ብትፈትሸውም ስምህ ዛሬ አይጻፍም። ስም የሚጻፈው መረጃውን ስትሸጥ ነው። ቀድሞ ያየ ሳይሆን ቀድሞ የሸጠ ነው የሚያሸንፈው። አንተ ደግሞ የምትሸጥበት ጣቢያ 9,000 የብርሃን ዓመት ወደ ኋላ ነው። በአካባቢህ የሌላ ተጫዋች ተሸካሚ መርከብ ካለና አገልግሎቱን ከከፈተ እዚያ መሸጥ ትችላለህ፣ ግን ሩቡን ይቆርጥብሃል።

ናቲ_ብቻውን (3:21)

እሺ፣ ገባኝ። እውነቱን ልናገር? ለገንዘቡም ለስሙም አይደለም። ያ የሚንጫጫው ምን እንደሆነ ሳላውቅ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ቴዲ_ጥገና (3:22)

ኤችዲኤምአይ።

ማሂ_ጆሮ (3:30)

ናቲዬ፣ አንተን የምትመልስ መጣች።

እኔ በድምፅ የምሠራው ስክሪን ተሰብሮብኝ አይደለም። ዓይኔ ከልጅነቴ ደካማ ነው። አፍንጫዬን ስክሪኑ ላይ ካላስጠጋሁ በቀር ያንን መስመር ከታች በደንብ አላየውም። ስለዚህ ይህ ስካነር ከመጣበት ቀን ጀምሮ፣ በኛ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 2011 ማለት ነው፣ በጆሮዬ ነው የምፈትሸው። መስመሩን ማየት አያስፈልግህም። እንዲህ አድርግ።

መጀመሪያ ሄድፎን አድርግ። የላፕቶፕ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ ይበላዋል፣ ግማሹን ፕላኔት አትሰማውም። ሴቲንግ ገብተህ ሙዚቃውን ዜሮ አድርገው፣ የድምፅ ኢፌክቱን ሙሉ። መርከቧን እስከ መጨረሻው አዝግማት፣ ካልሆነ ስካነሩ አይከፈትልህም።

ከዚያ ድግግሞሹን ወደ ቀኝ ግፋው። አልሄድ ብሎ እስኪቆም። አሁን የት እንዳለህ አወቅህ፣ ጫፍ ላይ ነህ። እዚያ ያሉት ግዙፎቹ የጋዝ ፕላኔቶች ናቸው። ያጓራል ያልከው እሱ ነው። ለኔ ሁልጊዜ ከግድግዳ ማዶ ያለ ወፍጮ ቤት ነው። በጆሮህ ሳይሆን በደረትህ ነው የምትሰማው።

አሁን ቀስ ብለህ ወደ ግራ ተመለስ። አትሩጥ። ነካ ታደርገዋለህ፣ ትለቃለህ፣ ታዳምጣለህ። ከጋዞቹ ቀጥሎ ያለችው ትንሽ ሰፈር ናት ዋናዋ። ሦስት ዓይነት ፕላኔት እዚያ ይኖራል። የውሃው፣ የአሞኒያውና ምድር መሰሉ። የውሃውን ለመለየት አዲስ አበባ ላደገ ሰው ችግር የለውም። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቧንቧው መጀመሪያ ሲተነፍስ፣ ከዚያ በርሜሉ ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ ሲል ታውቀው የለ? እሱ ነው። ሰምተህ ባልዲ ፍለጋ ትነሳለህ።

ምድር መሰሉ ሕይወት ሕይወት ይላል። ጣና ዳር ጎሕ ሲቀድ ቁጭ ብለህ ታውቃለህ? ነፋስ አለ፣ ከሥሩ የሚጮህ ነገር አለ። ወፍ ይሁን ነፍሳት አትለየውም። ይንጫጫል ያልከው እሱ ሊሆን ይችላል። ሊሆን ይችላል ነው ያልኩህ! ጆሮህን ሳልዋስ አልምልም።

አሞኒያው ደስ አይልም። ጣሪያ ሥር የሆነ ነገር ያፏጫል። ሰምቼው አንገቴ ላይ ያለው ፀጉር ሳይቆም ቀርቶ አያውቅም።

ከዚያ ሰፈር አልፈህ ወደ ግራ ስትርቅ በረዶው፣ ድንጋዩና ብረቱ ናቸው። በረዶው እንደ አሮጌ ፍሪጅ ይሰነጠቃል። ብረታሙ ምናለሽ ተራ ነው፣ ሲቀጠቀጥ የሚውል።

አራዳው_47 (3:33)

ጋላክሲውን በሙሉ አዲስ አበባ አደረግሽው እኮ። ቀለበት ያለው ፕላኔት የቱ ነው፣ መገናኛ?

ኪያ_ኤክስፕሎረር (3:37)

ማሂ በአብዛኛው ትክክል ናት። በአሞኒያው ግን አልስማማም። ለኔ አያፏጭም፣ ያቃስታል። ደግሞ ጀማሪ አሞኒያውንና ውሃውን ሲያደባልቅ ብዙ አይቻለሁ። ጆሮን ብቻ ማመን አይሆንም።

ናቲ፣ ድምፁን ከያዝክ በኋላ ምልክቱ ላይ አነጣጥረህ አቅርበው። ፕላኔቱ ስክሪንህ መሃል ላይ ይመጣል። መሃል ከሆነ የላይኛው ግማሹ ይታይሃል ማለት ነው። ሰማያዊ ከሆነ ውሃ ነው። ወደ ቡናማና ብርቱካናማ ካደላ አሞኒያ ነው። ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ደመና ከሆነ... እንኳን ደስ አለህ።

ሌላው፣ ማሂ ያላለችው። ብረታሞቹን «ምናለሽ ተራ» ብለህ አትለፋቸው። ከነሱ ውስጥ ተስተካክለው ለሰው መኖሪያ መሆን የሚችሉ አሉ። ተራው ድንጋይ በመቶዎች ሲከፈልበት እነሱ በመቶ ሺዎች ይከፈልባቸዋል። እኔ እነሱን በጆሮዬ ለይቼ አላውቅም። ጽሑፉን ማንበብ ግድ ነው።

ማሂ_ጆሮ (3:40)

እውነት ነው። እኔም ለዚያ ሌንስ እጠቀማለሁ። የብረታሙን ነገር ረስቼው ነው።

ያቃስታል ያልሽውን ግን አልቀበልም። ያፏጫል።

ዮኒ_ዝምተኛው (3:41)

ሁላችሁም ስለ ጠፈር ስታወሩ ልጁ መስኮት እንዳለው ረሳችሁ። ጌሙን ከሙሉ ስክሪን አውጣና በመስኮት አድርገው። «አልት» እና «ኢንተር» አንድ ላይ። ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ መጠኑን አሳንስ፣ መስኮቱን ጎትተህ ደህናው ግማሽ ላይ ስቀለው። መስመሩም ጽሑፉም ሁሉም ይታይሃል። ትንሽ ይሆናል እንጂ ሙሉ ነው።

ቦሌ_ልጅ (3:42)

ወይም ላፕቶፑን ገልብጠህ ያዘው፣ ጥቁሩ ወደ ላይ ይሄዳል 😂

ቴዲ_ጥገና (3:44)

ድራማው ስንት ሰዓት ነው የሚያልቀው? ካለቀ በኋላ ኤችዲኤምአይ ይሞከር።

ጋሼ_ፊዚክስ (3:50)

ማሂ የጻፍሽው ትልቅ ቁም ነገር አለው። ሳይንቲስቶችም መረጃን ወደ ድምፅ መለወጥ ከጀመሩ ቆይተዋል። የመርከቡ ስካነር የሚያደርገውም ይህንኑ ነው ብለን ብንወስደው ከፊዚክስ ጋር አይጋጭም። የሚመጣው ሲግናል ነው፣ ድምፅ የሚያደርገው ኮምፒውተሩ ነው። የመጀመሪያ አስተያየቴን በዚህ መልክ አሻሽዬዋለሁ።

ማሂ_ጆሮ (3:56)

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። አንድ ሰው ግን ረሱ። ዋንዳ ዲያስ-መርሴድ የምትባል የፖርቶ ሪኮ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ አለች። በወጣትነቷ በሕመም ምክንያት ዓይኗን አጣች። ሥራውን አልተወችውም። የከዋክብቱን መረጃ ወደ ድምፅ እየለወጠች በጆሮዋ ማጥናት ቀጠለች። በ2016 ቴድ በተባለው የንግግር መድረክ ላይ ቆማ የጋማ ጨረር ፍንዳታን በድምፅ አሰምታለች። የግራፍ መስመር ሲታይ ዓይን ዘልሎ የሚያልፈውን ጆሮ ይይዘዋል ነው ነገሩ።

ያንን የሰማሁ ቀን ጌሙን ከፍቼ ሙዚቃውን አጠፋሁት። ከዚያ ወዲህ መልሼ አልከፈትኩትም።

ሳሚ_ዘ_ትሬደር (3:59)

አንጀቴን በላሽው። ነገ እኔም ሙዚቃውን አጥፍቼ እሞክራለሁ።

ናቲ፣ አለህ? ወይስ ኮከብ ውስጥ ገባህ?

ናቲ_ብቻውን (4:06)

አለሁ አለሁ። ዮኒ፣ የመስኮቱን ሞከርኩ። መስኮቱ ተከፈተ ግን ሴቲንጉ ውስጥ «አረጋግጥ» የሚለው ቁልፍ ከታች ነው፣ ጥቁሩ ውስጥ። በግምት ስጫነው ሌላ ነገር ነካሁ መሰለኝ፣ አሁን ጌሙ የሚያናግረኝ በጀርመንኛ ነው። ይሁን፣ ወደ ስካነሩ ተመለስኩ።

የማሂን እየሠራሁ ነው። ሄድፎኑ የወንድሜ ነው፣ አንድ ጆሮው ብቻ ነው የሚሠራው፣ ግን ይበቃል። ቀኝ ጫፍ ደርሻለሁ። ወፍጮ ቤቱ አለ! 4 ቆጠርኩ። አንዱ ከሌሎቹ ይወፍራል።

ዮኒ_ዝምተኛው (4:07)

መዳፊቱን ተወው። በኪቦርድ ታች ቀስት እየተጫንክ ውረድ፣ የተመረጠው ላይ ስትደርስ ኢንተር። ወይም መስኮቱን መጀመሪያ ወደ ላይ ጎትተው፣ ከዚያ ቁልፉ ይታይሃል። ጎትት ያልኩህ ለዚህ ነው።

ማሂ_ጆሮ (4:08)

4 ጥሩ ነው። አሁን ወደ ግራ። ቀስ። ድምፅ ስትሰማ አቁም፣ የያዝከውን አነጣጣሪ በዝግታ ሰማዩ ላይ አዙረው። ወደ ፕላኔቱ ስትቀርብ ይጠራል፣ ስትርቅ ይደበዝዛል። በአንድ ጆሮ ግራና ቀኙን አትለይም፣ ግን ጥራቱን ትለያለህ።

ናቲ_ብቻውን (4:15)

ቧንቧው መጣ!!! ቡልቅ ቡልቅ ይላል። አቀረብኩት፣ ግማሹ ታየኝ፣ ሰማያዊ ነው። ጽሑፉ ጀርመንኛ ስለሆነ ምን እንደሚል አላውቅም።

ኪያ_ኤክስፕሎረር (4:16)

ውሃ ነው። ቀጥል።

አራዳው_47 (4:16)

ባልዲ ያዝ።

ናቲ_ብቻውን (4:21)

ያ የሚንጫጫው አሁን ተሰማኝ። ከውሃው ጎን ነው። ነፋስ ነገር አለው። ከሥሩ የሆነ... ማሂ፣ እንዳልሽው ከሥሩ የሚጮህ ነገር አለ። ሰማዩ ላይ እየፈለግኩት ነው፣ እየጠራ ነው፣ ቆዩ

ሳሚ_ዘ_ትሬደር (4:29)

እ?

ኪያ_ኤክስፕሎረር (4:35)

ናቲ?

ቦሌ_ልጅ (4:38)

መብራት ሄዶ ይሆናል። እኛም ሰፈር አሁን ጠፋ።

ሳሚ_ዘ_ትሬደር (4:40)

ላፕቶፑ ባትሪ አለው። ዋይፋዩ ነው የሚሞተው። ይህ ጌም ደግሞ ብቻህን ብትጫወትም ያለ ኢንተርኔት አይሠራም። ይጥለዋል።

ቴዲ_ጥገና (4:41)

ቲቪውም አይሠራም ማለት ነው።

ማሂ_ጆሮ (በማግሥቱ፣ ጠዋት 1:20)

ናቲዬ፣ የሚንጫጫው የቱ ነበር? እኔም እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ኪያ_ኤክስፕሎረር (ከ5 ቀን በኋላ)

ላፕቶፑ ሠሪ ጋ ነው መሰለኝ። ማሂ፣ እስከዚያው አንድ የአሞኒያ ፕላኔት አግኝቼ ደጋግሜ አዳመጥኩት። እሺ፣ ትንሽ ያፏጫል። ግን ያቃስታልም።

ብሩኬ_አዲሱ (ከ2 ወር በኋላ)

ሰላም። ይህን ሳነብ ነው የተመዘገብኩት። የኔ ስክሪን ደግሞ ከላይ በኩል ነው የጠቆረው። ያው ዘዴ ይሠራል?

ማሂ_ጆሮ (ከ2 ወር በኋላ)

አንተ ታድለሃል። መስመሩ ከታች ነው ያለው።